ክረምቱ ሳይገባ የፈረሱን እግር አንሡ

ግንቦት እየተገባደደ ነው። በፎገራ ሜዳ ያለ ሰው በዚህ ሰሞን የሚያወራው ስለ ሩዝ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ በሬው ትከሻ ነው። ስለ ፈረሱና ስለ አህያው እግር የሚያነሣ የለም ማለት ይቻላል። ሰኔ ሲጋመስ ዋልካው ይቦካል። ሐምሌ ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ይሞላሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ መስከረም ድረስ የጋማ ከብቶቻችን ሰኮና የሚደርቅበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ወረታ ላይ ጋሪ ያላችሁ፣ በየቀበሌው ፈረስ፣ በቅሎና አህያ የምታሳድሩ ሁሉ፣ ይህ ሳምንት ሳያልፍ የእንስሳችሁን እግር አንሥታችሁ እዩ። አራቱንም እግር፣ ከታች በኩል።

የምፈራውን በግልጽ ልናገር። ክረምት ወጥቶ መንገዱ ሲጠና፣ በከተሞቻችን ዳር ልጓም የወለቀለት፣ ጎድኑ የሚቆጠር፣ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ የሚቆም ፈረስ ማየት ልማድ ሆኗል። ባለቤቱ የለቀቀው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ፈረሱ አነከሰ። አንድ ሳምንት አሳረፈው፤ አልተሻለውም። ከጋሪ በቀር ሌላ ገቢ የሌለው ሰው የማይሠራ ፈረስ እስከ መቼ ይቀልባል? በመጨረሻ ፈትቶ ለቀቀው፤ የቀረውን ጅብ ጨረሰው። የዚህ ሁሉ መነሻ ብዙ ጊዜ ሰኮና ውስጥ ተቀርቅሮ የሰነበተ ጠጠር፣ በጊዜው ያልተሞረደ ስንጥቅ፣ ወይም ማንም ጠጋ ብሎ ያላሸተተው ብስባሽ ነው። ሁለት ወር ቀደም ብሎ ቢታይ በአንድ ሞረድና በጥቂት ትዕግሥት ይመለስ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ለዚህ ምክር የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። «አባቶቻችን የፈረስ ሰኮና ሲከረክሙ አላየንም» ይባላል። እውነት ነው። የሐበሻ ፈረስ በአብዛኛው የብረት ጫማ ሳያውቅ የኖረ ነው። ከእኛ ሽቅብ ያለችውን ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ነበር፤ በዚያ ዘመን ያ ሁሉ ገደልና ሸለቆ የሚቋረጠው በባዶ ሰኮና ነበር። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ያየ ሰው የሐበሻ ፈረስ እግር ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ይመሰክራል።

ነገር ግን እነዚያ ፈረሶች የደጋ ፈረሶች ናቸው። በጉና ተራራ ተዳፋት ወይም በአዊ ደጋ ያደገ ፈረስ ቀኑን ሙሉ እየተዘዋወረ ይግጣል፤ ድንጋይ ይረግጣል፤ ዳገት ይወጣል፤ ቁልቁለት ይወርዳል። ሰኮናው የሚያድገውን ያህል ይበላል። ሞረዱ መሬቱ ነው። አባቶቻችን ያልከረከሙት ሰኮና መከርከም ስለማያስፈልገው ሳይሆን መሬቱ ስለሚከረክምላቸው ነው።

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» እንላለን። የፎገራ ሜዳ ግን የፈረስን እግር አይከረክምም። ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ተዘርግቶ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ድንጋይ የሌለበት ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ከቦያቸው ወጥተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ ያየ ሰው ውሃው ምን ያህል ሊተኛ እንደሚችል አይረሳውም። በጋ ላይ ደግሞ ያው አፈር እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አማካይነት ጅግና አካባቢ የተጀመረው ሩዝ ሜዳውን ካለበሰው ወዲህ ደግሞ የግጦሹ መሬት ጠብቧል። ቀድሞ የፎገራ ከብት ከነጥጃው ይፈስበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ሩዝ ነው። እንስሳው ደጃፍ ላይ ታስሮ፣ በራሱ ፋንድያና ሽንት ላይ ቆሞ፣ ገለባ እየበላ ይውላል። አይሄድም፤ ድንጋይ አይረግጥም፤ ሰኮናው ግን ማደጉን አያቆምም።

በሌላ በኩል አስፋልቱ አለ። ወረታ መስቀለኛ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መንገድና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው እዚያ ይገናኛሉ። የሩዝ ወፍጮውም፣ መጋዘኑም፣ ገበያውም እዚያው ነው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ የሰው ተሳፋሪ ቢቀንስም፣ ኩንታሉን፣ ብሎኬቱን፣ የውሃ በርሜሉን አሁንም የሚጎትተው ፈረስ ነው፤ መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በእሱና በአህያ ላይ ይወድቃል። የዚህ ፈረስ ሰኮና ችግር የተገላቢጦሽ ነው። አይረዝምም፤ ያልቃል። በአንድ ከተማ ውስጥ በአንድ በኩል ጫማው እንደረዘመበት ሰው የሚደናቀፍ አህያ፣ በሌላ በኩል ወለሉ ሳስቶ ጠጠር በረገጠ ቁጥር የሚሸማቀቅ የጋሪ ፈረስ አለ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት መስጠት ሁለተኛውን መጉዳት ነው። ስለዚህ ከመከርከም በፊት ማየት ይቀድማል።

ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ። ከውጭ የሚታየው ጠንካራ ግድግዳ ደምም ስሜትም የለውም፤ ከጠጉሩ ሥር እየወጣ ሳያቋርጥ ወደ ታች ያድጋል። በወር ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ይጨምራል። ከላይ የበቀለው አዲስ ግድግዳ የፊት ጫፉ ላይ ለመድረስ ወደ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ የምታዩት ስንጥቅ ባለፈው ክረምት የተጀመረ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ በግድየለሽነት የምታበላሹት ሰኮናም እስከ ከርሞ አብሯችሁ ይኖራል። እግሩ ሲገለበጥ ዙሪያውን የግድግዳው ጠርዝ፣ በውስጡ ጎድጎድ ያለው ወለል፣ ከተረከዙ ተነሥቶ ወደ መሃል የሚሾለው ባለ ሦስት ማዕዘን ልስልስ ክፍል ይታያል። ይህ ልስልስ ክፍል ትርፍ ሥጋ እንዳይመስላችሁ። እንስሳው በረገጠ ቁጥር መሬቱን እየነካ ምቱን የሚያበርደው፣ ተረከዙንም የሚደግፈው እሱ ነው። በግድግዳውና በወለሉ መካከል ደግሞ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር አለ። ግድግዳውና ወለሉ የሚጋጠሙበት ስለሆነ ጠጠር የሚሰካው፣ ጭቃ የሚሰርገው፣ መግል መንገድ የሚያገኘው በእሱ በኩል ነው። በየቀኑ ዓይናችሁ መጀመሪያ ማረፍ ያለበት እዚያ ላይ ነው።

የፊት ጫፉ ሲረዝም እንስሳው እግሩን ለማንሣት በእያንዳንዱ እርምጃ ያንን ርዝመት መሻገር አለበት። ከኋላ ያለው ጅማት ይወጠራል። ግድግዳው ወደ ውጭ እየተገፋ ከነጩ መስመር ይላቀቃል፤ በተላቀቀው ክፍተት ጭቃ ይገባል። ፈረሱ መሰናከል ይጀምራል። ባለጋሪው «ሰነፈ» ብሎ አለንጋ ያነሣል። ልጆች፣ እባካችሁ ከአለንጋው በፊት እግሩን አንሡ።

እግር ማንሣቱም ሥርዓት አለው። እንስሳውን የሚያውቀው ሰው ራሱን ይያዝለት፤ ከግንድ ጋር አጥብቆ ማሰር ግን ያስደነግጠዋል። ፊታችሁን ወደ ጭራው አዙራችሁ ከትከሻው አጠገብ ቁሙ። እጃችሁን ከትከሻው ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች አውርዱና ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን ጅማት ቀለል አድርጋችሁ ጫኑት፤ የለመደ እንስሳ እግሩን ራሱ ይሰጣችኋል። ለኋላ እግር ከዳሌው ሳትርቁ ቁሙ፤ እግሩን መጀመሪያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሳቡት። በፍጹም አትንበርከኩ፣ አትቀመጡም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንሣትና ማውረድ ብቻ ይበቃል፤ ያልለመደ ፈረስ ላይ በመጀመሪያው ቀን ካራ ይዞ መቅረብ ለሁለታችሁም አደጋ ነው።

ከዚያ ጽዳት። ጫፉ ያልሾለ፣ ጠመም ያለ ብረት ማንኛውም ብረት ሠሪ ይሠራላችኋል። ከተረከዙ ወደ ፊት ጥረጉ፤ ወደ ራሳችሁ መሳብ ልስልሱን ክፍል ይወጋዋል። በልስልሱ ክፍል ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቦዮች እስከ መጨረሻቸው አውጡ። አሽቱ። ጤናማ ሰኮና የአፈር ሽታ አለው። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር ከወጣ ብስባሹ ጀምሯል ማለት ነው፤ ክረምት ሳይገባ ካልታከመ በጭቃው ውስጥ ወደ ሥጋው ይዘልቃል። በጨው ውሃ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኝ አዮዲን ቦዮቹ ውስጥ ይቀባ፤ በየቀኑ፣ ሽታው እስኪጠፋ። መድኃኒቱ ግን የሚሠራው እንስሳው ደረቅ ላይ ከቆመ ብቻ ነው። ማታ አክሞ ሌሊት ፋንድያ ላይ ማሳደር ድካም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ክርከማው። የመጀመሪያውን ክርከማ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ባለበት አድርጉት፤ ዓይናችሁ የሚማረው ያኔ ነው። የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ ከጽዳቱ ብረት ሌላ አንድ ሞረድና አንድ አጭር ስለታም ካራ። የብረት ሞረድ ይንሸራተታል፤ አናጢዎች የሚገለገሉበት ጥርሱ ትልልቅ የሆነው የእንጨት ሞረድ ይሻላል።

ንጹሑን ሰኮና ገልብጣችሁ ግድግዳው ከወለሉ ምን ያህል እንደሚያልፍ እዩ። የሚነካው ያ ትርፍ ብቻ ነው። ሞረዱን በሁለቱም ተረከዝና በጠርዙ ላይ አጋድማችሁ፣ ከተረከዝ ወደ ጫፍ፣ ረጅምና ረጋ ያለ እንቅስቃሴ አድርጉ። በየሦስት አራት ግፊቱ አቁማችሁ እዩ፤ አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ ብሎ እንዳይቀር። ግድግዳው ከወለሉ ጋር ሊተካከል ትንሽ ሲቀረው አቁሙ። ወለሉን አታሳሱት። ላዩ ላይ የሚፈረፈር፣ እንደ ኖራ የሚረግፍ የሞተ ሽፋን ካለ በካራው ጀርባ ሊነሣ ይችላል፤ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ፣ ጠንከር ያለ ወለል ሲወጣ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ሮዝ ቀለም ካያችሁ ደም ቅርብ ነው፤ አንድ ግፊት እንኳ አትጨምሩ። ከልስልሱ ክፍል የሚነሣው ተቀርፎ የተንጠለጠለውና ቆሻሻ የሚይዘው ብቻ ነው። በመጨረሻም የጠርዙን ስለት ሞረዱን ሰያፍ ይዛችሁ ዙሪያውን አድቦልቡሉት፤ ስለታም ጠርዝ መጀመሪያ ድንጋይ ሲረግጥ ይሸረፋል፤ የተድቦለቦለ ግን ይቆያል።

እግሩን አውርዳችሁ ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙት። ከጎን ስታዩት የሰኮናው የፊት መስመርና ከሰኮናው በላይ ያለው የእግር አጥንት መስመር አንድ ቀጥታ ይሁን፤ ተሰብሮ ወደ ፊት ካዘነበለ ወይም ወደ ኋላ ከተደፋ ሚዛኑ ልክ አይደለም። ከፊት ስታዩት ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ከዚያ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ያራምደው፤ እናንተ ተመልከቱ።

ለወራት ሳይነካ ቆይቶ በጣም የረዘመ ሰኮና በአንድ ቀን ወደ ልኩ አይመለስም። ጅማቱና መገጣጠሚያው በጠማማው ለምደዋል። ዛሬ ጥቂት፣ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥቂት፤ እንዲህ ነው የሚመለሰው። በመደበኛው ግን በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ አንድ ጊዜ መሞረድ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ አስፋልትና ኮረት ላይ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ ደግሞ ትርፍ ግድግዳ የለውም፤ ለእሱ ሞረዱ የሚያስፈልገው አንዱ ወገን ከሌላው ከበለጠ ሚዛኑን ለማስተካከልና የተሸረፈውን ጠርዝ ለማለስለስ ብቻ ነው። እሱ የሚያስፈልገው ቀለል ያለ ጭነትና በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ነው። የሰኮናው ወለል በአውራ ጣት ሲጫን የሚሰረጉድ ከሆነ በዚያ ሳምንት ከጋሪው ይፈታ።

ስለማይደረገው ነገር ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ፤ ብዙ እንስሳ የሚጠፋው በችግሩ ሳይሆን በሕክምናው ነውና። እግሩን ግንድ ላይ አስረግጦ በመሮና በመዶሻ ወይም በመጥረቢያ ጫፉን መምታት የቀረ ልማድ ይሁን፤ ግድግዳውን ከነጩ መስመር ይሰነጥቀዋል። ማጭድም ለሣር ነው። ያነከሰን እግር በጋለ ብረት መተኮስ ሕመሙን አያወጣም፤ በሕመሙ ላይ ቃጠሎ ይጨምራል። ከእግሩ ደም ማፍሰስም እንዲሁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይትና የባትሪ ውሃ ሰኮና ላይ ማፍሰስ ሥጋ ያቃጥላል። ይህን የሚያደርጉት እንስሳቸውን የሚወዱ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ዝም ማለት የማልችለው።

ስለ አህያ ለብቻው ልናገር፤ በኢትዮጵያ ያህል አህያ ያለበት አገር በዓለም የለም፤ ፎገራም ያለ አህያ አንድ ቀን አያድርም። የአህያ ሰኮና የፈረስ ሰኮና አይደለም። ቀጥ ያለና ጠበብ ያለ ነው፤ በተፈጥሮው ለደረቅ አገር የተሠራ ስለሆነ ውሃ ይስባል፤ በእርጥብ መሬት ላይ ከፈረስ ይልቅ ቶሎ ይበሰብሳል። የፈረስን ቅርጽ ለመስጠት ተረከዙን ዝቅ ማድረግ ጉዳት ነው፤ አህያ በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አህያ ሕመሙን መደበቁ ነው። ፈረስ ሲያመው ያነክሳል። አህያ ግን ጭነቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ምልክቱ ጆሮው መውደቁ፣ መኖ መተዉ፣ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። አህያችሁ «ግትር ሆነ» ስትሉ እግሩን እዩ።

ውሃው የማይቀር ከሆነ ደረቅ መቆሚያ ማዘጋጀት ይቻላል። ዜኖፎን የተባለው ግሪካዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ አያያዝ ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ እርጥብና ልሙጥ ወለል ሰኮናን እንደሚያበላሽ ገልጾ፣ ፈረሱ በሚቆምበት ቦታ ላይ ክብ ክብ ድንጋዮች እንዲነጠፉ መክሯል። በእሱ ዘመን በግሪክ አገር ፈረስ ብረት አይመታለትም ነበርና ችግሩ የእኛው ችግር ነው። ሜዳው ላይ ድንጋይ ባይኖርም የርብና የጉማራ የላይኛው ተፋሰስ ድንጋይ ሞልቶታል፤ ደርሶ የሚመለስ ጋሪ ባዶውን ከሚመለስ አሥር አሥር ድንጋይ ቢያመጣ በአንድ ወር ውስጥ ፈረስ የሚቆምበት ቦታ ይነጠፋል። ከጋጣው ውጭ መሬቱን ከፍ አድርጋችሁ፣ ድንጋዩን አንጥፋችሁ፣ ዙሪያውን ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ። ለመኝታው ደግሞ በየወፍጮ ቤቱ ደጅ ተራራ የሚያህለው የሩዝ ገለፈት አለ። ደረቁን አምጥታችሁ ወፈር አድርጋችሁ ጎዝጉዙ፤ የረጠበውን በየጠዋቱ ከፋንድያው ጋር አውጡ።

የሩዝ ነገር ከተነሣ፣ ከሩዙ የሚመጣ ሌላ አደጋ አለ። ፈረስ ወይም አህያ ተፈትቶ አውድማ ላይ ያለ የሩዝ ክምር ውስጥ ገብቶ እስኪጠግብ ከበላ፣ ወይም ያልለመደውን ፉርሽካ በአንድ ጊዜ በብዛት ከተሰጠው፣ ከአንድ ከሁለት ቀን በኋላ ጉዳቱ በእግሩ ላይ ይወጣል። ሁለቱ የፊት ሰኮናዎች ይግላሉ። እንስሳው የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቆማል፤ ለመዞር ይቸገራል። ሰኮናው ውስጥ ግድግዳውንና አጥንቱን የሚያያይዘው ሥጋ ተቆጥቷል። ያን ቀን ክርከማ የለም፤ ማራመድም የለም። እህሉን አቁሙ፤ እግሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ልስልስ መሬት ስጡት፤ ባለሙያ ጥሩ። ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ካልታከመ አጥንቱ ሰኮናው ውስጥ ተዛንፎ ይቀራል፤ ያ ፈረስ ከእንግዲህ ጋሪ አይጎትትም።

ትናንት ደህና የነበረ ፈረስ ዛሬ አንዱን እግር ጨርሶ መርገጥ ካቃተው አብዛኛውን ጊዜ ሰኮናው ውስጥ መግል ቋጥሯል። ሰኮናው ይግላል፤ ከቁርጭምጭሚቱ ጎን ያለው የደም ሥር በጣት ሲዳሰስ ይመታል። መግሉን በካራ እየቆፈራችሁ አትፈልጉ። እግሩን ሞቅ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከላይ በማዳበሪያ ከረጢት እሰሩት፤ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ላኩ። መፍሰሻውን የሚከፍተው ሐኪሙ ነው።

ምስማር ከወጋው ደግሞ ነገሩ የሞትና የሕይወት ነው። ፈረስ ከቤት እንስሳት ሁሉ በመንጋጋ ቆልፍ በቀላሉ ከሚጠቁት አንዱ ነው፤ የበሽታው ተሐዋሲ በአፈርና በፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳ የሚመቸው ቦታ ነው። ምስማሩ የገባበትን ቦታና አቅጣጫ ምልክት አድርጉ፤ ምስማሩን አትጣሉት፤ ለባለሙያው አሳዩ። ያን ዕለት እንጂ ነገ አይባልም። ጆሮውና ጭራው ሲገተር፣ መንጋጋው ሲቆለፍ ከታየ በኋላ የሚድነው ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ የባለቤቱ ሥራ ብቻ ተብሎ መተው የለበትም። ጋሪ ነጂዎች ተደራጅታችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ለማኅበሩ አንድ ጥሩ ሞረድና ካራ፣ የጽዳት ብረትና አዮዲን በጋራ ግዙ፤ እጁ የለመደ ሁለት ሰው ከመካከላችሁ ምረጡ። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በሬና ላም ሲከትቡ ለጋማ ከብትም ሰዓት ይመድቡ፤ ሁለት ወጣት በየቀበሌው ቢያሠለጥኑ የሚፈጅባቸው ቀን ትንሽ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለ፤ በጋማ ከብት ላይ የሚሠሩ እንደ ብሩክና እንደ ዶንኪ ሳንክችዋሪ ያሉ ድርጅቶችም በአገሪቱ ውስጥ ሲሠሩ ቆይተዋል። ማስተማር የሚችል ሰው አልጠፋም። የጠፋው ጠያቂ ነው። ወረታ ከተማ ከጋሪ ግብር የምትሰበስብ ከሆነ ፈረሱ ለሚቆምበት ቦታ ውሃ መውረጃና ድንጋይ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ የመጀመሪያውን ክርከማ ጨርሱ። አሁን የሞረዳችሁት ሰኮና ተመልሶ የሚሞረደው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ሜዳው ውሃ ስለሚሆን እግሩን አድርቃችሁ የምትሠሩበት ቦታ ያስፈልጋችኋል። ድንጋዩን ከዛሬ ጀምሮ አምጡ።